ለጆርናል የሚላክ ጽሑፍ ማጣቀሻና የዋቢ ዝርዝር አዘገጃጀት

ወደ ጆርናል የተላከ ጽሑፍ ገምጋሚዎች እጅ ከመግባቱ በፊት ኤዲተሩ ያገላብጠዋል። ልምድ ያለው ኤዲተር መጨረሻውን ገጽ ቶሎ ይከፍታል፤ የዋቢ ዝርዝሩ ጸሐፊው በሌላውም ክፍል ምን ያህል እንደተጠነቀቀ ያሳብቃልና።

ችግሩ ብዙ ተመራማሪ ሥራውን ከጅራቱ መጀመሩ ነው። ነጠላ ሰረዙ የት ይግባ፣ ዓመቱ በቅንፍ ይሁን አይሁን ሲል ሰዓታት ያጠፋል፤ የቅጹ ቁጥር የተሳሳተ፣ የደራሲው ስም የተገለበጠ መሆኑን ግን ልብ አይልም። ቅርጽን ሶፍትዌር በአፍታ ይለውጠዋል። የተሳሳተ መረጃ ግን ወደ የትኛውም ቅርጽ ቢዛወር ስሕተቱን ይዞ ይዞራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ጆርናሉ የሚፈልገውን ማወቅ፣ መረጃውን ማጥራት፣ ቅርጹን በመጨረሻ ማልበስ። በኢትዮጵያውያን ስም፣ በዓመተ ምሕረትና በአማርኛ ምንጮች ላይ ረዘም እንላለን፤ በውጭ የተዘጋጁ መመሪያዎች የሚያልፉት እሱን ነው።

ጆርናሉ የሚፈልገውን ማወቅ

ጆርናሉ በድረ ገጹ ላይ ለደራሲያን ያወጣውን መመሪያ አውርዱና የማጣቀሻውን ክፍል እስክሪብቶ ይዛችሁ አንብቡ። ልትመዘግቡ የሚገባችሁ ነገር ጥቂት ነው፦ በጽሑፉ ውስጥ የሚገባው ማጣቀሻ ቁጥር ነው ወይስ ስምና ዓመት፤ ቁጥር ከሆነ በካሬ ቅንፍ፣ በክብ ቅንፍ ወይስ ከፍ ብሎ የሚጻፍ፤ ከስንት ደራሲ በኋላ «እና ሌሎች» ይባላል፤ የጆርናል ስም ሙሉውን ነው ወይስ በአጭሩ፤ ዲኦአይ (የጽሑፉ ቋሚ ዲጂታል መለያ) ግዴታ ነው ወይ፤ የዋቢዎች ብዛት ጣሪያ አለው ወይ። አንዳንድ የሕክምና ጆርናሎች ለአንድ የምርምር ጽሑፍ ከ30 ወይም ከ40 ዋቢ በላይ አይቀበሉም። 90 ዋቢ ሰብስቦ በመጨረሻው ቀን መቀነስ ደግሞ ሙሉ አንቀጾችን እንደገና ያስጽፋል።

ቀጥሎ ከጆርናሉ የቅርብ እትም ሁለት ወይም ሦስት ጽሑፎች አውርዱና የዋቢ ዝርዝራቸውን ከመመሪያው ጋር አስተያዩ። መመሪያው ለዓመታት ሳይታደስ ቆይቶ ጆርናሉ በተግባር ሌላ ቅርጽ የሚያትምበት ጊዜ አለ። እንዲህ ሲሆን የታተመውን መከተል ይሻላል። ካላጠገባችሁ ለኤዲተሩ ቢሮ አጭር ኢሜይል ላኩ፤ መጠየቅ ነውር የለውም።

ኤልሰቪየርን የመሳሰሉ አሳታሚዎች በብዙ ጆርናሎቻቸው ለመጀመሪያው ማስገቢያ ማንኛውንም ወጥ የሆነ ቅርጽ ይቀበላሉ፤ የጆርናሉ ቅርጽ የሚጠየቀው ጽሑፉ ተገምግሞ ሲመለስ ነው። መመሪያው ይህን ካለ ጊዜያችሁን ለመረጃው ጥራት አውሉት።

ሦስቱ ቤተሰቦች

በሺሕ የሚቆጠሩ ቅርጾች ቢኖሩም የሚመደቡት በሦስት ነው። እያንዳንዱን በአንድ እውነተኛ ዋቢ እንየው፤ ጆሃንሰንና ታይብ በሐዳር ስለተገኙት ቅሪተ አካላት በ1976 ኔቸር በተባለው የሳይንስ ጆርናል ላይ ያወጡትን ጽሑፍ እንውሰድ። ለማሳያ በፊደላችን እንጻፈው እንጂ ሥርዓተ ነጥቡ በላቲን እንደሚጻፈው ነውና ነጥቦቹን ልብ በሉ።

ቫንኩቨር ቁጥርን ይጠቀማል። ስሙን ያገኘው የሕክምና ጆርናል ኤዲተሮች በ1978 በካናዳዋ ቫንኩቨር ባደረጉት ስብሰባ ሲሆን እስከ ዛሬ የጤናው ዘርፍ ዋና ቅርጽ ነው። ዋቢዎች በጽሑፉ ውስጥ መጀመሪያ በተጠቀሱበት ቅደም ተከተል ቁጥር ይወስዳሉ፤ አንዴ 4 የተባለ ምንጭ እስከ መጨረሻ 4 ነው።

ጆሃንሰን ዲሲ, ታይብ ኤም. የጽሑፉ ርዕስ. ኔቸር. 1976;260(5549):293-7.

እዚህ ላይ በስምና በስም ምኅፃር መካከል ነጠላ ሰረዝ የለም፤ በምኅፃር ፊደላቱ መካከልም ነጥብ የለም። ከዓመቱ በኋላ ድርብ ሰረዝ ይመጣል፤ በድርብ ሰረዙ፣ በቅጹ፣ በቁጥሩና በገጹ መካከል ባዶ ቦታ አይገባም። የመጨረሻው ገጽ ከመጀመሪያው ጋር የሚጋራው አኃዝ ስለሚቀር 297 የነበረው 7 ሆኗል። ብዙዎቹ ጆርናሎች ስድስት ደራሲ ዘርዝሮ «እና ሌሎች» ማለትን ይፈልጋሉ፤ ሦስት ላይ የሚያቆሙም ሁሉንም የሚያስጽፉም አሉ።

ኤፒኤ (የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ቅርጽ) ስምና ዓመት ይጠቀማል፤ በትምህርት፣ በሥነ ልቦናና በማኅበራዊ ሳይንስ ሰፍኗል።

ጆሃንሰን, ዲ. ሲ., & ታይብ, ኤም. (1976). የጽሑፉ ርዕስ. ኔቸር, 260(5549), 293–297.

የጆርናሉ ስምና የቅጹ ቁጥር ብቻ ሰያፍ ይሆናሉ፤ በቅንፍ ያለው ቁጥር ቀጥ ብሎ ይጻፋል። ገጹ ሙሉውን ነው፤ መካከሉም ረዘም ያለ ሰረዝ እንጂ የቃል መቁረጫ አጭሯ ሰረዝ አይደለችም። መጨረሻ ላይ ዲኦአዩ በሙሉ የድር አድራሻ መልክ ይገባል፤ ከኋላው ነጥብ አይደረግም፤ ነጥቡ ከአድራሻው ጋር ተቀድቶ ማስፈንጠሪያው እንዳይከፈት ያደርጋልና። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በ6ኛው የኤፒኤ እትም ሠርታችሁ አሁን ወደ ጆርናል ጽሑፍ የምትቀይሩት ከሆነ በ2019 የወጣው 7ኛው እትም ሦስት ነገር እንደለወጠ እወቁ። የመጽሐፍ አሳታሚ ከተማ ቀርቷል። ሦስትና ከዚያ በላይ ደራሲ ያለው ሥራ ከመጀመሪያው መጠቀስ ጀምሮ በአንደኛው ደራሲ ስምና «እና ሌሎች» ይጠራል። በዋቢ ዝርዝሩ ደግሞ እስከ 20 ደራሲ ድረስ ሁሉም ይጻፋሉ፤ ቀድሞ ወሰኑ 7 ነበር።

ሦስተኛው ቤተሰብ የግርጌ ማስታወሻ ነው፤ ታሪክ፣ ሥነ መለኮትና ሕግ ይወዱታል። ቺካጎ በተባለው አሠራር ምንጩ መጀመሪያ ሲጠቀስ ሙሉ መረጃው ከገጽ ቁጥር ጋር ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ የደራሲው ስም፣ ያጠረ ርዕስና ገጹ ይበቃሉ። «ዝኒ ከማሁ» ማለትን ብንተወው ይሻላል፤ በኋላ አንቀጽ ሲዘዋወር ወይም ሌላ ማስታወሻ በመካከል ሲገባ ማንን እንደሚያመለክት ይጠፋል።

መረጃውን ማጥራት

ከ15 በላይ ዋቢ ያለውን ጽሑፍ በእጅ መሥራት አይመከርም። ዋቢዎችን የሚያደራጀው ሶፍትዌር ዞቴሮ በነጻ ይገኛል፤ ከወርድ፣ ከሊብሬኦፊስና ከጉግል ዶክስ ጋርም ይሠራል። ሜንደሌይና ኤንድኖትም ተመሳሳይ ሶፍትዌሮች ናቸው። ዋናው ነገር አብረው የሚጽፉት ሁሉ አንዱን መምረጣቸው ነው። አንዱ ደራሲ በሜንደሌይ፣ ሌላው በዞቴሮ ማጣቀሻ ያስገባበት አንድ የወርድ ፋይል ሁለቱም የማይቆጣጠሩት ይሆናል፤ ቁጥሮቹ ይደበላለቃሉ፤ መፍትሔውም እያንዳንዱን ማጣቀሻ እንደገና ማስገባት ብቻ ነው። በዞቴሮ የጋራ ቤተ መጻሕፍት ከፍታችሁ ሁላችሁም ከዚያው ጥቀሱ።

ምንጩን ወደ ዞቴሮ ስታስገቡ ፒዲኤፉን ጎትቶ ከመጣል ይልቅ በዲኦአይ፣ በፐብሜድ (የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ) መለያ ወይም በመጽሐፉ መለያ ቁጥር በአይኤስቢኤን ማስገባት ይሻላል። ዲኦአይ ሁልጊዜ በ10 እና በነጥብ ይጀምራል፤ አብዛኛውን ጊዜ በጽሑፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይገኛል። ከጉግል ስኮላር የሚቀዳ ዋቢ ግን አያስተማምንም፤ የደራሲ ስም ይጎድለዋል፣ የኮንፈረንስ ጽሑፍን የጆርናል ያደርገዋል፣ በትልልቅ ፊደላት የተጻፈን ርዕስም እንዳለ ይገለብጣል።

ያስገባችሁትን እያንዳንዱን ምንጭ ወዲያው ከፒዲኤፉ የመጀመሪያ ገጽ ጋር አመሳክሩት። የምታዩት እነዚህን ነው፦

1. የደራሲያን ስም፣ ቅደም ተከተልና አጻጻፍ።
2. ዓመት። ጽሑፉ በኢንተርኔት ቀድሞ የወጣበትና በእትም የገባበት ዓመት ሲለያዩ ቅጽና ቁጥር ያለውን ያዙ።
3. ርዕስ። በዞቴሮ ውስጥ ሁሉንም ርዕስ የመጀመሪያው ቃልና የተጸውኦ ስሞች ብቻ በትልቅ ፊደል በሚጀምሩበት መልክ አስቀምጡ። ሶፍትዌሩ ከዚህ ተነሥቶ ሁሉንም ቃል በትልቅ ፊደል ማስጀመር ይችላል፤ ወደኋላ መመለስ ግን በደንብ አይችልም፤ «ኢትዮጵያ» የሚለውንም በትንሽ ፊደል ሊያስጀምረው ይችላል።
4. ቅጽ፣ ቁጥር፣ ገጽ። በኢንተርኔት ብቻ የሚታተሙ ጆርናሎች ገጽ የላቸውም፤ በምትኩ የጽሑፍ መለያ ቁጥር አላቸው። ፒዲኤፉ ላይ «ከ12 ገጽ ገጽ 1» የሚለው የገጽ ክልል አይደለም፤ እሱን «1–12» ብሎ መጻፍ በብዛት የሚታይ ስሕተት ነው።
5. የጆርናል ስም። ቫንኩቨር አጭሩን ይፈልጋል፤ አጭሩን ራሳችሁ አትፍጠሩት፣ ከአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ውሰዱት። እንደ ኔቸር ያለ ባለ አንድ ቃል ስም አያጥርም።

የግብርናና የባዮሎጂ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ሥራ አለባቸው። የጤፍን ሳይንሳዊ ስም በያዘ ርዕስ ውስጥ ያ ስም ሰያፍ መሆን አለበት። በዞቴሮ የርዕስ መስክ ከስሙ ፊትና ኋላ ሰያፍ ማድረጊያውን የኤችቲኤምኤል ምልክት (<i> እና </i>) ካስገባችሁ በየትኛውም ቅርጽ ሰያፍ ሆኖ ይወጣል። በወርድ ውስጥ በእጅ ብታደርጉት ግን ዝርዝሩ በታደሰ ቁጥር ይጠፋል።

የኢትዮጵያውያን ስም

የማጣቀሻ ቅርጾች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላላቸው ሕዝቦች ነው። የእኛ ስም የራስና የአባት ነው፤ የቤተሰብ ስም የለውም። ቅርጹ ግን «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ስላለው አባትን እዚያ ያስገባል። የታሪክ ተመራማሪው ታደሰ ታምራት በ1972 በኦክስፎርድ ያሳተሙት ሥራ በኤፒኤ «ታምራት, ታ. (1972)» ይሆናል። የኢትዮጵያ ጥናት ጆርናሎች ግን፣ በሐምቡርግ የሚዘጋጀውን ኤቲዮፒካን ጨምሮ፣ ስሙን ሳይገለብጡ «ታደሰ ታምራት 1972» ብለው ይጽፋሉ፤ በዝርዝሩም «ታደሰ» በሚለው ተራ ያስቀምጡታል።

የትኛውን እንከተል? ጆርናሉ ግልጽ ሕግ ካለው እሱን። ሕግ ከሌለው አለመገልበጥ ትክክለኛው ነው ብለን እናምናለን፤ ሰውየው የሚጠራበት ስም የራሱ ነውና፣ አባቱ ደግሞ መጽሐፉን አልጻፈም። ምንም ብትመርጡ ግን በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አትቀላቅሉ። ሲቀላቀል አንዱ ሰው በዝርዝሩ ሁለት ቦታ ይገባል፤ በጽሑፉ ውስጥ «ታደሰ (1972)» ያነበበ አንባቢም በዝርዝሩ ቢፈልግ ያጣዋል።

በዞቴሮ የስም መስክ ሁለት መልክ አለው፤ ባለ ሁለት ሳጥንና ባለ አንድ ሳጥን። ከስሙ ጎን ባለችው ትንሽ ምልክት ይቀያየራል። ስሙ እንዳይገለበጥ ከፈለጋችሁ አንድ ሳጥን አድርጉና ሙሉ ስሙን ጻፉ፤ እንዳለ ይወጣል፤ በመጀመሪያው ፊደልም ይደረደራል። በቫንኩቨር ይህን አታድርጉ፤ ባለ አንድ ሳጥን ስም እንደ ተቋም ስም ስለሚታይ አያጥርም፤ ሌሎቹ ሁሉ በምኅፃር ሲሆኑ እሱ ብቻ ሙሉ ሆኖ ይቀራል። ለቫንኩቨር አባትን በመጀመሪያው ሳጥን፣ ራስን በሁለተኛው አስገቡ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የተጣመሩ ስሞች መሰባበር ነው። ወልደ ሥላሴ፣ ገብረ ማርያም፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ኃይለ ኢየሱስ አንድ ስም ናቸው። ሶፍትዌር ግን የመጨረሻውን ቃል ብቻ የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስዳል። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ሥላሴ, ኅ. ወ.» ሆነው የሚወጡት ለዚህ ነው። ትክክለኛው፣ መገልበጥ ግዴታ በሆነበት ቅርጽ፣ «ወልደ ሥላሴ, ኅ.» ነው። ገብረ፣ ወልደ፣ ወለተ፣ ኃይለ፣ ተክለ፣ ኪዳነ፣ ዐምደ ብሎ የሚጀምርና ለሁለት ተለያይቶ የተጻፈ ስም ባያችሁ ቁጥር ሳጥኖቹን ከፍታችሁ አረጋግጡ።

አጻጻፉን በተመለከተ የደራሲው ስም በላቲን ፊደል በሽፋኑ ወይም በጽሑፉ ራስጌ ላይ እንደተጻፈ ይገባል። ጸጋዬ የሚለውን ስም ደራሲያን በተለያየ መንገድ ይጽፉታል፤ እናንተ የምታምኑበትን አጻጻፍ በሰው ስም ላይ አትጫኑ። አቶ፣ ወይዘሮ፣ ዶክተር፣ ፕሮፌሰር ይወጣሉ። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚኖሩ ደራሲያን ብዙዎቹ አባትን ወይም አያትን እንደ ቤተሰብ ስም አስመዝግበዋልና ራሳቸው ባሳተሙበት መልክ ጥቀሷቸው።

የራሳችሁም ስም በዚህ መንገድ የሌሎች ዋቢ ይሆናል። አንድ አጻጻፍ ምረጡ፤ አያትን ታስገቡ እንደሆነም አሁኑኑ ወስኑ፤ ከዚያ ባለ 16 አኃዝ የሆነውን ኦርኪድ የተባለ የተመራማሪ መለያ አውጡና ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ጋር አያይዙት። በቫንኩቨር «ከበደ አ» የሚለው ስም የአለሙም የአስቴርም የአበበም ሊሆን ይችላል።

ዓመተ ምሕረት

በአማርኛ መጻሕፍት፣ ጋዜጦችና የመንግሥት ሰነዶች ላይ ያለው ዓመት የኢትዮጵያ ነው። እንዳለ ከተገለበጠ በ2013 ዓ.ም. የወጣ ሪፖርት ለውጭ አንባቢ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጀ ይመስለዋል።

ቀኑ ከታወቀ ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ሰባት ትጨምራላችሁ፣ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት። በዘመነ ዮሐንስ ድንበሩ በአንድ ቀን ይቀድማል። ጥቅምት 5 ቀን 2013 ዓ.ም. የወጣ ጋዜጣ ኦክቶበር 15, 2020 ሲሆን የካቲት 5 ቀን 2013 ዓ.ም. የወጣው ፌብሩዋሪ 12, 2021 ነው። ቀኑ ካልታወቀ፣ በመጻሕፍት ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ እንደሚሆነው፣ ሁለቱንም ዓመት በጭረት ጻፉ፦ 2020/21። ጆርናሉ ከፈቀደ የኢትዮጵያውን አስቀድሞ የውጭውን በካሬ ቅንፍ ማስከተል ከሁሉ ይሻላል፤ መጽሐፉን በእጁ የያዘ አንባቢ ሽፋኑ ላይ የሚያገኘው የመጀመሪያውን ነውና። በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች በእንግሊዝኛ የተጻፉ ቴሲሶች በአብዛኛው የውጭውን ዓመት ይጠቀማሉ፤ እነሱ ላይ እንደገና እንዳትጨምሩ ተጠንቀቁ።

የአማርኛ ምንጮች

በእንግሊዝኛ በሚታተም ጆርናል የአማርኛ ርዕስ በኤፒኤ ድምፁ በላቲን ፊደል ይገለበጣል፤ ከዚያ ትርጉሙ በካሬ ቅንፍ ይከተላል። የተገለበጠው ሰያፍ ሊሆን ይችላል፤ በቅንፍ ያለው ትርጉም ግን ቀጥ ብሎ ይጻፋል። በቫንኩቨር የተተረጎመው ርዕስ በካሬ ቅንፍ ይገባና በዋቢው መጨረሻ ላይ ምንጩ አማርኛ መሆኑ ይገለጻል።

ድምፅ መገልበጫው አንድ መሆን አለበት። የኢትዮጵያ ጥናት ጆርናሎች በኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ ሥርዓት ይሠራሉ፤ በዚያ «ጸ» እና «ጠ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ልዩ ምልክት ባላቸው ፊደላት ይለያያሉ። ሌሎች ጆርናሎች ያለ ምልክት ቀላሉን ይቀበላሉ። የትኛውም ይሁን፣ «ታሪክ» የሚለውን ቃል በሦስተኛው ዋቢ በአንድ መልክ፣ በሃያኛው በሌላ እንዳትጽፉት።

ጆርናሉ የግዕዝ ፊደልን የሚቀበል ከሆነ በዩኒኮድ (በየኮምፒውተሩ አንድ ዓይነት በሚነበብ) ፎንት ጻፉ፤ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ጥሩ ናቸው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ርዕስ በሌላ ኮምፒውተር የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈታል፤ ከቀድሞ ፋይሎቻችሁ ስትቀዱ ይህን አትርሱ።

ለብራና ጽሑፍ ገጽ አይጠቀስም፤ የሚጠቀሰው የሚገኝበት ቦታ፣ የመደብ ቁጥሩ፣ የቅጠሉ ቁጥርና ፊቱ ወይም ጀርባው ነው። ራሳችሁ ያደረጋችሁት ያልታተመ ቃለ መጠይቅ በኤፒኤ ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ በጽሑፉ ውስጥ ከቀኑ ጋር ይጠቀሳል።

አዋጅና የተቋም ሪፖርት

አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ በሁለት ቋንቋ ይወጣል፤ የቁጥሩ ዓመት በአማርኛው የኢትዮጵያ፣ በእንግሊዝኛው የውጭ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እና አዋጅ ቁጥር 1156/2019 አንዱ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ነው። ሕገ መንግሥቱም እንዲሁ 1/1987 እና 1/1995 ነው። ከሁለት ቦታ የቀዳ ጸሐፊ አንዱን ሕግ ሁለት ዋቢ ያደርገዋል፤ ወይም የ2011 አዋጅ ብሎ የውጭ ዓመት አስመስሎ ይጽፈዋል። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የውጭውን ያዙ፤ የአዋጁን ሙሉ ስም፣ ቁጥሩን፣ የነጋሪት ጋዜጣውን ዓመትና ቁጥር፣ ገጹንም ጨምሩ።

የጤና ተመራማሪዎች አዘውትረው የሚጠቅሱት የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛው ዓመቱ ነው፤ የ2011 ዳሰሳ ሪፖርት የታተመው በ2012፣ የ2019 አነስተኛ ዳሰሳ የመጨረሻ ሪፖርት ደግሞ በ2021 ነው። በኤፒኤ በቅንፍ የሚገባው የታተመበት ዓመት ነው፤ የዳሰሳው ዓመት በርዕሱ ውስጥ አለ። ሁለተኛው የተቋሙ ስም ነው። «ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ» በባለ ሁለት ሳጥን ከገባ የመጨረሻው ቃል እንደ ቤተሰብ ስም ተወስዶ ሌሎቹ ወደ ምኅፃር ይለወጣሉ። የተቋም ስም ሁልጊዜ በአንድ ሳጥን ይግባ፤ ላቴክስ የተባለውን የጽሑፍ ማቀናበሪያ የምትጠቀሙም በድርብ ጥምዝ ቅንፍ አጥሩት። ተቋሙ በኋላ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ቢባልም በሪፖርቱ ሽፋን ላይ ያለው ስም አይቀየርም።

በጽሑፉ ውስጥ ማስገባት

ማጣቀሻው ከደገፈው ሐሳብ አጠገብ ይቀመጥ። አምስት የተለያየ ነገር የሚናገር አንቀጽ መጨረሻ ላይ አምስት ቁጥር መደርደር አንባቢው የትኛው የትኛውን እንደሚደግፍ እንዳያውቅ ያደርጋል። ያላነበባችሁትን አትጥቀሱ። በሌላ ሰው ሥራ ውስጥ ያያችሁትን ምንጭ ዋናውን ፈልጋችሁ አንብቡ፤ ካልተገኘ «በእገሌ እንደተጠቀሰው» በሉና በዝርዝሩ ያነበባችሁትን ብቻ አስገቡ። የሰው ቃል በትእምርተ ጥቅስ ሲገባ በኤፒኤ የገጽ ቁጥር ግዴታ ነው።

አንድ ደራሲ በአንድ ዓመት ሁለት ሥራ ካለው በስምና ዓመት ቅርጽ ከዓመቱ ጎን የፊደል ምልክት ይጨመራል። በቁጥር ቅርጽ ተከታታይ ቁጥሮች በሰረዝ ይያያዛሉ፤ 3፣ 4 እና 5 ሳይሆን 3–5። በሠንጠረዥ ወይም በሥዕል መግለጫ ብቻ የሚገኝ ምንጭ ቁጥር የሚወስደው ሠንጠረዡ በጽሑፉ መጀመሪያ በተጠራበት ቦታ ነው። ሠንጠረዦች በፋይሉ መጨረሻ ስለሚቀመጡ ሶፍትዌሩ የመጨረሻውን ቁጥር ይሰጣቸዋልና ይህን በዐይን መከታተል ያስፈልጋል።

ዋቢ እንዲያመጣላችሁ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን አትጠይቁ። እውነተኛ ደራሲ፣ እውነተኛ ጆርናልና የሌለ ርዕስ አገጣጥሞ ይሰጣል፤ የሚሰጠው ዲኦአይም ወይ አይከፈትም ወይ ወደ ሌላ ጽሑፍ ይወስዳል። እንዲህ ያለ አንድ ዋቢ የተገኘበት ጽሑፍ መታመኑን ያጣል፤ ይህን የሚጠግን ማስተካከያ የለም።

ከመላክ በፊት

ቢያንስ አንድ ቀን ለዚህ ተዉ። ዝርዝሩን አትሙና በአንድ እጅ እሱን፣ በሌላው ጽሑፉን ይዛችሁ አንድ በአንድ ምልክት አድርጉ፤ በጽሑፉ ያለ ሁሉ በዝርዝሩ፣ በዝርዝሩ ያለ ሁሉ በጽሑፉ መኖር አለበት። የዓመትና የስም አጻጻፍ ልዩነት እዚህ ይያዛል። ከዚያ እያንዳንዱን ዲኦአይ ጠቅ አድርጉና የሚከፈተው ያው ጽሑፍ መሆኑን እዩ። ቅድመ ኅትመት (ገና በጆርናል ሳይወጣ የተለቀቀ) ሆኖ የጠቀሳችሁት ሥራ በጆርናል ወጥቶ ከሆነ በታተመው ተኩ። ዞቴሮ ከታተሙ በኋላ የተሰረዙ ጽሑፎችን ምልክት ያደርግባቸዋል፤ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያለበትን ሥራ ሳታጣሩ አትለፉ።

ስሕተት ስታገኙ በወርድ ውስጥ አታርሙ፤ በዞቴሮ አርሙና ዝርዝሩን አድሱ። በወርድ የታረመው በሚቀጥለው እድሳት ይጠፋል። ሁሉም ካለቀ በኋላ ፋይሉን በሌላ ስም አስቀምጡ፤ በአዲሱ ቅጂ ላይ ብቻ ማጣቀሻዎቹን ከዞቴሮ ጋር የሚያገናኘውን ማያያዣ አላቁና ወደ ተራ ጽሑፍ ለውጡት። የአንዳንድ ጆርናሎች ማስገቢያ ሥርዓት ማያያዣውን ሲያገኝ ቁጥሮችን ሊያዛባ ይችላል። ያልተላቀቀውን ቅጂ ጠብቁ፤ ገምጋሚዎች ማሻሻያ ሲጠይቁ ወይም ጽሑፉ ወደ ሌላ ጆርናል ሲዞር የምትሠሩት በእሱ ላይ ነው።

ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ለማረሚያ የሚላከው ቅጂ አጭር የጊዜ ገደብ ይዞ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ 48 ሰዓት። አቀናባሪዎቹ ዋቢዎችን ዲኦአይ ከሚመዘግበው ክሮስሬፍ ጋር ሲያገናኙ ያጠራችኋቸውን ስሞች እንደገና ሊገለብጡ፣ የተጣመሩትንም ሊሰብሩ ይችላሉ። በዚያ ቅጂ ላይ መጀመሪያ የራሳችሁን ስም፣ ቀጥሎ ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ ያሉባቸውን፣ ከዚያ የአማርኛ ምንጮችን ተመልከቱና እርማቱን ከእያንዳንዱ ዋቢ ቁጥር ጋር ጽፋችሁ መልሱ።